ለጅማ ብስክሌተኞች፦ ስለ ጽጋቡ ግርማይ እና ስለ ጎማ መያዝ

የተከበራችሁ የጅማ አባቶችና እናቶች፣ አሰልጣኞች፣ ነገ የምትወዳደሩ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ!

የተሰበሰብነው የብስክሌተኛውን የጽጋቡ ግርማይን የውድድር ዘመን ለማንሳት ነው። የመቀሌው ልጅ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ጋር ቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፍ፣ ከ198ቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ፣ በውድድሩም ታሪክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነ ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ከጋለቡ 59 ዓመት ሆኖ ነበር።

ታዲያ ይህ በተነሳ ቁጥር «የደጋ ልጅ ነው፣ ሳንባ አለው» እንላለን። በዚህ ወሬ ነው ልጆቻችንን የምናበላሸው! ሳንባማ ጅሬን አቀበት ላይ የሚሰለጥን ሁሉ አለው። ጽጋቡን ግን ከኤም ቲ ኤን ኩቤካ ጀምሮ ባህሬን ሜሪዳ፣ ትሬክ ሴጋፍሬዶ፣ ሚቸልተን ስኮት ተቀባብለውታል። እንዲህ ያለ ቡድን አለቃውን ከነፋስ የሚከልል፣ ውሃ የሚያመላልስ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ጎማ መያዝ፣ ማለትም ከፊተኛው የኋላ ጎማ ተጠግቶ መጋለብ፣ ካላወቀ ሳንባው ለማንም አይጠቅምም።

ከፊተኛው ኋላ በቅርብ የተጠጋ ጋላቢ ከጉልበቱ ሩብ እስከ ሲሶ ይቆጥባል። ለጀማሪ አንድ ሜትር ይበቃል፤ ሲለመድ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠባል። ዓይን ጎማው ላይ አይተከልም፤ በፊተኛው ትከሻ በኩል አሻግሮ ያያል። የፊት ጎማችሁን ከሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ። ሲነካካ የሚወድቀው ኋለኛው ነው፤ የብስክሌቱ መሪ ስለሚታገድበት ሚዛኑን መመለስ አይችልም። ስትቀርቡ ፍሬን አትርገጡ፣ ይቅርታ፣ አትጨብጡ፤ ፔዳል መምታት አቁሙና ደረታችሁን ለነፋስ ቀና አድርጉ። አቀበት ላይ ፊተኛው ከኮርቻ ሲነሳ ብስክሌቱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ብዙ ልጅ የሚደፋው እዚያ ነው። ነፋስ ከቀኝ ከመጣ ከፊተኛው ኋላ በስተግራ ሰያፍ ሁኑ። ነፋሱን የመቀበል ተራችሁ ደርሶ ፊት ስትወጡ ፍጥነት አትጨምሩ! ጉልበት ማሳየት የሚያምራችሁ ሁሉ ቡድናችሁን የምትበትኑት በዚህች ሰዓት ነው።

አሰልጣኞች፣ ሰዓት ይዛችሁ አቀበት ማስሮጥ ብቻውን ስልጠና አይባልም! በሳምንት ሁለት ቀን በጥንድ፣ ከዚያ በአራት አሰልፏቸው።

የቀረው አጭር ነው። የጅማ ዝናብ ጭቃውን ካቴና፣ ማለትም የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ ውስጥ ይከተዋል፤ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ትርፉን ጥረጉ። ትርፍ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እና ፓምፕ ያዙ። መንገዱ ከረጠበ ከጎማው ትንሽ አየር ቀንሱ።

ነገ 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ሄልሜት የሌለው አይሰለፍም።