ፎርም መሙያ 1,500 ብር

ድሬዎች እንዴት ናችሁ? በዚህ ሙቀት በርጫውን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ እኔ ራሴ በዚህ ሰዓት ከቤት የምወጣ ሰው አይደለሁም።

ስለ ውሸት የስራ ቅጥር የማወራችሁ እኔም ተበልቼ ስለማውቀው ነው። ተመርቄ ቤት ቁጭ ባልኩበት ሰሞን በቴሌግራም "ውድ አመልካች፣ ለስቶር ኪፐርነት ተመርጠዋል፣ ደሞዝ 35,000 ብር" የሚል መልክት ገባልኝ፣ ያላመለከትኩት ስራ እኮ ነው! ደሞ ድሬ ላይ ማነው "ተመርጠዋል" የሚለኝ፣ እኛ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፣ እዛው መንቃት ነበረብኝ። ደብዳቤም ላኩ፣ ስልኬ ላይ ሳሰፋው ፊርማው ጥርት ያለ ነው ማህተሙ ግን ደብዝዟል፣ ከሌላ ወረቀት ቆርጠው እንደለጠፉት ያስታውቃል። አይቼዋለሁ! ግን ስራ ያጣ ሰው አይቶም አላየም። ለፎርም 1,500 ብር እስከ 11 ሰዓት በቴሌብር ላክ አሉኝ፣ ልልክ ስል የመጣው የግለሰብ ስም ነው እንጂ የድርጅት አይደለም፣ እሱንም አልፌ ላኩ። በማግስቱ ለዩኒፎርም 2,000 ጨምር ሲሉኝ ነው ባጃጅ ይዤ በሰጡኝ አድራሻ ሳቢያን የሄድኩት፣ ቢሮ የለም ምን የለም፣ ሳምቡሳ የምትጠብስ እናት "ልጄ፣ በዚህ ሳምንት አንተ አራተኛ ነህ" አለችኝ። አንድ ሳምቡሳ ጋብዛኝ ተመለስኩ።

ቀጣሪ ደሞዝ ይከፍላል እንጂ ለምዝገባ፣ ለስልጠና ምናምን እያለ ከእናንተ አይሰበስብም። የአረብ አገሩም እንደዛው ነው፣ በውጭ አገር ስራ ስምሪት አዋጁ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የስራ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ በአሰሪው ነው፣ አንቺ እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ያሉትን ነው የምትሸፍኚው። ስለዚ ደላላ "የቪዛ ብር አምጪ" ካለሽ፣ ወይ "በቱሪስት ቪዛ ግቢ እዛ ይቀየራል" ካለሽ በቃ ተነስተሽ ውጪ፣ የሰፈር ልጅ ቢሆንም፣ እንደውም የሰፈር ልጅ ሲሆን ነው ይሉኝታ የሚይዘን። ኤጀንሲ ከሆነ ደሞ ከስራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ እዚሁ ድሬ ያለው የስራና ክህሎት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሌላው፣ ስልካችሁ ላይ የሚገባውን ኮድ "ለሲስተም ምዝገባ ነው" ቢሏችሁም ለማንም አትስጡ፣ ቴሌግራማችሁን ወስደው በእናንተ ስም ጓደኞቻችሁን ነው የሚበሉት።

ብር የላከ ካለ ቻቱን በንዴት እንዳያጠፋ፣ እኔ አጥፍቼው ፖሊስ ጋ ባዶ እጄን ነው የሄድኩት። አሁን በሩ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሚያጠራጥር መልክት ያለው ስልኩን ይዞ ይምጣ፣ አብረን እናየዋለን።