ወናፉን ሳታዩ ዋጋ አትጥሩ
ታጣፊ ካሜራ ለሚሰበስቡ፣ ደሴ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የፎቶ ቤት ባለቤቶች፣ ሰብሳቢዎች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ታሪክ እንድናገር ጠይቀውኛል። ባጭሩ፦ ዛይስ አይኮን በ1926 እ.ኤ.አ. አራት የጀርመን ድርጅቶች ተዋህደው ድሬዝደን ላይ ተመሠረተ፤ አይኮንታና ኔታር የተባሉት ታጣፊ ካሜራዎች የእሱ ናቸው። ኢሶሌት የአግፋ፣ ቤሳ የፎክትሌንደር ነው። ታሪኩ ይብቃን። እኔ የመጣሁት ስለ ጫማ ቀለም ልናገር ነው።

ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ቆራሌው ካሜራውን ከአንድ ቤት ሣጥን ያወጣል። ነጋዴው ቆዳውን በጫማ ቀለም ይወለውላል፣ ሹተሩ ላይ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውና የሚዘጋው በር ላይ፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያደርጋል፤ «ዛይስ ነው፣ አዲስ በሉት!» ይላል። ገዢውም ወዙን አይቶ ይከፍላል።

ወገኖቼ፣ ዘይቱ እኮ ነው የሚገድለው! የሹተሩ ስስ የብረት ቅጠሎች የሚሠሩት ደረቅ ሲሆኑ ነው። ዘይት ከነካቸው ይጣበቃሉ፤ የ1 ሰከንዱ ፍጥነት 3 ሰከንድ ይፈጃል፣ ወይም ሹተሩ እንደተከፈተ ይቀራል። በደሴ ብርድ ደግሞ ይብሳል።

የጫማ ቀለሙስ? የወናፉን፣ ማለትም ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘውን ተጣጣፊ ክፍል፣ ቀዳዳ ይሸፍናል እንጂ አይደፍንም። ይህችን ኢሶሌት እዩዋት፤ ወናፏ የሚበሳው እጥፋቱ ማዕዘን ላይ ነው። ፊልም የሌለበትን ካሜራ ዘርጉ፣ ጀርባውን ክፈቱ፣ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ የስልክ መብራት ወደ ውስጥ አስገቡ። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ከውጭ ስታዩ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ካገኛችሁ፣ ያቺ ብርሃን ፊልሙን ታበላሸዋለች። ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡና ተዘርግቶ ይደር። ካወፈራችሁት አይታጠፍም። ብዙ ከሆነ ግን ወናፉ መቀየር አለበት፤ ያ ወጪ ከዋጋው ይቀነስ!

ኢሶሌት ሌላም ጣጣ አለባት። የርቀት ማስተካከያው አረንጓዴ ቅባት ደርቆ ሙጫ ይሆናል። በጉልበት ስታዞሩት የፊተኛው ሌንስ መካከለኛውን ይዞት ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ የቀለበቱ ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። መድኃኒቱ የላይተር ቤንዚን፣ ትዕግሥትና ሌንሱን መልሶ በርቀቱ ማስተካከል ነው። ፒንሳ ይዞ የሚመጣን ሰው ከካሜራችሁ አርቁት!

ስለ ሌንስ፦ ባለ 4 መስታወቱ ቴሳር ባለ 3ቱን ኖቫር በዋጋ ይበልጣል፤ ሻጋታ ከገባበት ግን ስሙ አያድነውም። ስለ ፊልም፦ 120 የተባለው የፊልም ዓይነት ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ይመረታል። 620 ያው ፊልም ነው፣ የሚጠቀለልበት ዘንግ ብቻ ቀጭን ስለሆነ 120ው ጨለማ ውስጥ ወደ 620 ዘንግ ይገለበጣል። 116 የሚወስደው ካሜራ ግን ለመደርደሪያ ጌጥ ነው የሚገዛው።

ካሜራውን ስትከፍቱ ቀስ በሉ፤ በድንገት ከተዘረጋ ወናፉ አየር ስቦ ፊልሙን ያጎብጠዋል። ፊልሙን የምታዞሩት ካሜራውን ከዘረጋችሁ በኋላ ይሁን።

በክረምት ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ካሜራውን ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ሌንሱን ያሻግተዋል።

ካሜራ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሻይ በኋላ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ስልካችሁ ባትሪ ይኑረው።