የሞተሪኖ ቡሺንግ ለምን አይታጠብም?

ጤና ይስጥልኝ ሰልጣኞች፣ መምህራን፣ ጋራዥ ዘግታችሁ የመጣችሁ ባለሙያዎችም። አታብዛ ተብያለሁና በቀጥታ ይህች በእጄ ስላለችው ነገር ላውራ። የሞተሪኖ፣ ማለትም የመኪና ሞተር ማስነሻው፣ ቡሺንግ ነች፤ ዘንጉ ውስጧ የሚዞርባት ቀለበት።

ገና ተለማማጅ እያለሁ እንደዚህች ያለች አዲስ ቡሺንግ ተገዝታ መጣች። ዘይት ዘይት ትላለች። ቆሻሻ መሰለኝና ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኳት፣ በማግስቱ ወልውዬ እንደ አዲስ ሳንቲም እያበራች ገጠምኳት፣ አለቃዬም ንጽሕናዬን አይቶ አመሰገነኝ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተጎትቶ ተመለሰ። ዘንጉ ከቡሺንጉ ጋር ተጣብቆ አልዞርም ብሏል። ለካ አጥቤ የደፋሁት የቡሺንጓን ነፍስ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች ከነሐስ ዘንግ በቶርኖ፣ ብረት እያዞረ በሚቆርጠው ማሽን፣ የተቆረጠች አይደለችም። የመዳብ ዱቄትና የቆርቆሮ ዱቄት፣ 90 እጅ ለ10 እጅ ገደማ፣ ተደባልቆ ሞልድ ውስጥ ገብቶ በፕሬስ ተጨምቆ የተሠራ ነው። ከፕሬሱ ሲወጣ ቅርጹ ሙሉ ነው፤ ግን እንደ ደረቅ ብስኩት በእጅ ይሰበራል። ከዚያ ምድጃ ይገባል። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፣ ምድጃው ግን ከ800 ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ቆርቆሮው በ232 ይቀልጥና መዳቡ ውስጥ ይሰርጋል፣ የመዳቡ ቅንጣቶች ደግሞ ሳይቀልጡ በሚነካኩበት በሚነካኩበት ቦታ ይያያዛሉ። ሲንተሪንግ የሚሉት ይህን ነው። አየር እንዳያዝገው ምድጃው ውስጥ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ይለቀቃል።

በቅንጣቶቹ መሀል ክፍተት ይቀራል። ከቡሺንጓ አካል አንድ አምስተኛው ያህል ባዶ ቀዳዳ ነው፣ ያውም እርስ በርሱ የተገናኘ፤ እዚያ ውስጥ ዘይት ይሞላል። ዘንጉ ሲዞር ይሞቃል፣ ዘይቱ ይወጣል። ሲቆም ይቀዘቅዛል፣ ቀዳዳዎቹ ዘይቱን መልሰው ይጠጡታል። ማንም ግሪስ አይቀባም።

ይህን እናቶቻችን ያውቁታል ብል አትሳቁ። የሸክላ ምጣድ እሳት ውስጥ ይቀልጣል እንዴ? አይቀልጥም፣ አፈሩ ይያያዛል እንጂ። ቀዳዳውም ይቀራል፣ ለዚህ ነው አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው። ቡሺንግም ይሟሻል።

ይህ ዘዴ ባይኖር ተንግስተን ከሚባለው ብረት በተሳበ ክር የሚያበራው የድሮው አምፖል አይኖርም ነበር። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ነው፤ ቢቀልጥስ በምን ዕቃ ትይዘዋለህ? አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ዊልያም ኩሊጅ እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ዱቄቱን አጋግሎ አያይዞ፣ በትኩሱ ቀጥቅጦ፣ ክር አድርጎ ሳበው። ክሩን መሳቢያው ቀዳዳ ደግሞ አልማዝ ነበር፣ ዋጋውም የአልማዝ። ስለዚህ የጀርመኑ አምፖል አምራች ኦስራም ምትክ ሲፈልግ ካርል ሽሮተር የተንግስተን ካርባይድን፣ ማለትም ተንግስተንና ካርቦን የተዋሃዱበትን ጠንካራ ነገር፣ ዱቄት ኮባልት በሚባል ብረት አያያዘው፤ የፈጠራ መብቱ የ1923 ነው። በኋላ ክሩፕ የተባለው የጀርመን የብረት ኩባንያ ቪዲያ ብሎ ሸጠው፣ በጀርመንኛ «እንደ አልማዝ» ከሚለው አሳጥሮ። እናንተ ቶርኖ ላይ የምታስሩት የካርባይድ ጥርስ የዚያ ልጅ ነው።

ጉጂ ቀንጢቻ ይወጣ ስለነበረው ታንታለም ስለሚባለው ብረትም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ማዕድኑ ከእኛ ተቆፍሮ ይሄድ ነበር። ውጭ አገር ዱቄት ሆኖ፣ ተጨምቆ፣ በቫኪዩም ምድጃ ተያይዞ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ካፓሲተር፣ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ ይሆናል። እዚያም ጥቅሙ ቀዳዳው ላይ ነው፣ ትንሽዬ ነገር ውስጥ ሰፊ ገጽ ስለሚያስገኝ። እኛ ዱቄቱን እንኳን አላየንም።

ብቻ ነገ ፕሬስ ግዙ እያልኩ አይደለም። የሞልዱ ዋጋ ኪስ ያራቁታል፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በአሥር ሺህዎች ካላመረታችሁ አያዋጣም። ቀዳዳ ያለው ብረት ምትም አይወድም፣ በመዶሻ እየነረታችሁ አትግጠሙት። ውስጡን በደነዘዘ ጥርስ አታስፉት፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ደርቆ ከሆነ ሞቅ ያለ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት።

በሉ እንግዲህ፣ ይህችን ቡሺንግ ተቀባበሏት። በመዳፋችሁ ጨበጥ አድርጋችሁ ሞቅ ስትል እዩዋት፣ ታልባለች። ስትመልሱልኝ ግን አደራ፣ እንዳታጥቧት።