ወረንጦዋ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስለ አንዲት ወረንጦ ላወራችሁ ነው።

ደብረ ታቦር ሆኜ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጤና ስዘግብ ብዙ አመት ቆየሁ። መጀመሪያ አካባቢ ዜና ማለት ለኔ ሪፖርት ነበር፣ ይሄን ያህል ሰው መድኃኒት ወሰደ፣ እቅዱ ይሄን ያህል ፐርሰንት ተሳካ፣ በቃ። አንዴ ታዲያ ትራኮማ በሚባለው የዓይን በሽታ ዘመቻ ላይ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ወጣሁ፣ መድኃኒቱ ዚትሮማክስ እየታደለ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰዉን በየተራ መለኪያ እንጨት ስር ታቆማለች፣ ስንት ኪኒን እንደሚሰጥ የሚታወቀው በቁመት ነው፣ ሚዛን ተሸክሞ ያን ዳገት ማን ይወጣል። ትንንሾቹ ሽሮፕ ይጠጣሉ፣ ከ6 ወር በታች ያሉት የዓይን ቅባት። እኔ ቁጥር እጽፋለሁ።

አንዲት እናት ጥላ ስር ተቀምጠዋል፣ ማተባቸው ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ይሄ እኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ እሾህ ማውጫ ነው፣ እናቴም ነበራት። እሳቸው ግን የዓይናቸውን ፀጉር ነበር የሚነቅሉበት። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ ሲመላለስ የዓይን ቆብን ከውስጥ ጠባሳ ያወጣበታል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ከዛ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል፣ ብትነቅለው ተመልሶ ይበቅላል። በብዛት ደግሞ እናቶች ላይ ነው የሚከፋው፣ ከልጅ ዓይን አይናር የሚጠርጉት እነሱ ናቸዋ።

«እማማ፣ ለምን ቀዶ ጥገናውን አያሠሩም? በነፃ ነው እኮ፣ የሠለጠነ ነርስ ይሠራልዎታል፣ በቀኑ ቤትዎ ይገባሉ» አልኳቸው።

«ውሃውን ማን ይቀዳልኛል ልጄ?» አሉኝ። «ፊት ታጠቡ ይሉናል፣ እሺ። አንድ ጀሪካን ቀድቼ ስመለስ ረፋድ ነው። እቤት ስንት ፊት አለ?»

እዛው ማስታወሻዬን ዘጋሁና ጀሪካናቸውን ይዤ አብሬያቸው ወረድኩ፣ መንገዱን በሰዓቴ ያዝኩት፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ጻፍኩት። ጋዜጣው ሲወጣ ግን የውሃው ነገር ተቆርጦ የታደለው መድኃኒት ቁጥር ብቻ ቀርቷል፣ በጣም ነበር ያዘንኩት፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። ምክንያቱም ኪኒኑ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ዝንቡና አይናሩ ግን በየቀኑ ናቸው፣ ውሃ ከሌለ ልጁ መልሶ ይያዛል። ከዛ በኋላ ጤና ኬላ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃው የት ነው ብዬ ነው፣ ለአለቆቼም ያለዚህ ዜናውን አልሰጥም አልኩ።

በዓመቱ ስመለስ እማማ አንድ ዓይናቸውን ተሠርተዋል፣ ሁለተኛውን ከአጨዳ በኋላ ነው አሉኝ። ወረንጦዋ አሁንም ማተባቸው ላይ ናት። ምንጩም እዛው ታች ነው።