ተምቹ እምብርት ውስጥ ሳይገባ
(ለቀበሌያችን አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዝናቡ በጊዜው ጥሎልናል፤ በቆሎው ጉልበት ሊደርስ ነው። የተጠራሁት ስለ ዩሪያ አጨማመር እንድናገር ነበር። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ መጤው ተምች ነው።

የድሮውን ተምች ታውቁታላችሁ። መሬቱን አጥቁሮ፣ ከማሳ ማሳ እየተመመ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ቦይ ቆፍረን አፈር መልሰንበታል። ይሄኛው ግን በ2009 ዓ.ም. ሸካ ዞን፣ የኪ ወረዳ ከታየ ወዲህ የጎዳን ጠባዩን ስላላወቅንለት ነው። እኛ መንጋ እንጠብቃለን፤ እሱ ተደብቆ ይበላል።

ያን ክረምት አንዲት እናት እጄን ይዘው ማሳቸው ወሰዱኝ። «ልጄ፣ በቆሎዬን ማነው በወስፌ የበሳብኝ?» አሉኝ። እውነትም ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ በመስመር ተደርድሯል። ቅጠሉ ገና ተጠቅልሎ ሳለ አንዴ ይበሳዋል፤ ሲዘረጋ ያ አንዱ ቀዳዳ በርክቶ ይወጣል። እምብርቱን፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን መሃሉን፣ ፈልቅቄ ሳየው እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ሞልቶታል። ከሥሩ አንድ ትል ብቻ፦ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ምልክት፣ ጅራቱ ላይ አራት ጥቁር ነጥብ። «ይሄን ሁሉ አንድ ትል?» ብለው ዝም አሉ።

አዎ፣ አንድ ትል። ከአንድ የእንቁላል ክምር ከመቶ በላይ ሆነው ይፈለፈላሉ። መጀመሪያ ቅጠሉን በአንድ ወገን ይፍቁታል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይቀራል። ከዚያ ክር ለቀው ይንጠለጠላሉ፤ ነፋስ ወደ ጎረቤት አገዳ ያደርሳቸዋል። ሲያድጉ እርስ በርስ ስለሚበላሉ በየእምብርቱ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይቀራሉ።

እኛስ ምን አደረግን? በዚያው ሳምንት ለሚመለከተው ክፍል አሳወቅን። ቅጽ ሙሉ ተባልን፣ ሞላን። እንደገና ቁጠሩ ተባልን፣ ቆጠርን። መድኃኒቱ ሲደርስ በቆሎው ከወገብ አልፎ ነበር! እሱንም በጠራራ ፀሐይ፣ በስድስት ሰዓት አስረጩን! ትሉ በዚያ ሰዓት እምብርት ውስጥ፣ በገዛ ኩሱ ተደፍኖ ተኝቷል። መድኃኒቱን የጠጣው ያለ ጓንት፣ ያለ አፍ መሸፈኛ የረጨው ልጃችን ነው! ያን ዓመት የተረፈውን በቆሎ ያተረፉልን ጎህ ሲቀድ ጣሳ ይዘው ሲለቅሙ የነበሩ እናቶችና ልጆች ናቸው። ቅጽ አላተረፈልንም!

ዘንድሮ ማንንም አንጠብቅም። በሳምንት ሁለቴ ማሳ ግቡ፤ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። እንቁላሉ ጥጥ የነካው ሻጋታ ይመስላል፤ በጣታችሁ ጨፍልቁት። በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል ለነገ አታሳድሩት። መርጨት ግድ ከሆነም ትሉ ትንሽ ሳለ፣ በማለዳ ወይም ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ወደ እምብርቱ አነጣጥራችሁ ይሁን።

ዩሪያውን ከኩትኳቶ በኋላ ጨምሩ፤ ዝርዝሩን ባልደረባዬ ያስረዳችኋል። አሁን ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከዚህ አጥር ማዶ ካለው ማሳ የመጀመሪያዎቹን አምስት መስመሮች አብረን እንፈልቅቅ። ጣሳ ያላችሁ ከፊት ሁኑ።