የአድራሻ ዝርዝር ማጣሪያው ውስጥ ምን ይሠራል?

የተከበራችሁ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የኢሜይል ማጣሪያ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው አይፈለጌ መልእክት እንዴት እንደሚለይ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ከዚያ ዝቅ ያለውን ነገር ነው፦ የጥቅስ ምልክትንና የውጭ ፋይልን። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚፈቀዱ ወይም የሚታገዱ ላኪዎች የአድራሻ ዝርዝር የማጣሪያው ደንብ ውስጥ መጻፍ የለበትም።

የኢሜይል ማጣሪያ ደንብ የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ ሲቭን እንውሰድ። መስፈርቱ መጀመሪያ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ የምንሠራበት የ2008ቱ ነው። እዚያ ጽሑፍ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ባክስላሽ (\) ቁም ነገር የሚኖረው ከጥቅስ ምልክት ወይም ከሌላ ባክስላሽ በፊት ሲመጣ ነው፤ ሌላ ቦታ ከተገኘ ሲቭ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ታዲያ ነጥብን ለመፈለግ ለሪጀክስ፣ ጽሑፍን በንድፍ ለሚያነጻጽረው ዘዴ፣ "\." ብላችሁ ብትጽፉ፣ ሪጀክሱ ዘንድ የምትደርሰው ነጥቧ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ማንኛውንም ፊደል ትቀበላለች። ለአንድ ዶሜይን የሰጣችሁት ፈቃድ ለሚመስለውም ይተርፋል። ስህተት አይታይም፣ ሎግ ላይ አንዲት መስመር አትጻፍም። መጻፍ የነበረበት "\\." ነው።

ዝርዝሩ ወደ ፋይል ሲወጣ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል፦ በየመስመሩ አንድ አድራሻ፣ አለቀ። ፋይሉም ግን የራሱ አመል አለው። በሌላው የኢሜይል ማጣሪያ ፕሮግራም፣ በፕሮክሜይል፣ የተለመደው ዘዴ የላኪውን አድራሻ በኤፍግሬፕ (ጽሑፍ በሚፈልግ ትእዛዝ) ከፋይሉ ጋር ማመሳከር ነው፤ ኤፍግሬፕ ደግሞ ባዶ መስመር ካገኘ ከሁሉም ጋር ያገጥመዋል። መጨረሻ ላይ ኢንተር አንዴ በትርፍ ከተጫነ የታገዱት ዝርዝር ዓለሙን በሙሉ ያግዳል! በዊንዶውስ የተስተካከለ ፋይል ተቃራኒውን ያመጣል፤ በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ምልክት ስለሚቀር አንድም አድራሻ አይገጥምም።

አማርኛ ለምናጣራ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የአማርኛ ርእስ አብዛኛውን ጊዜ በቤዝ64 (ጽሑፍን በላቲን ፊደላትና በቁጥሮች በሚለውጥ አጻጻፍ) ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ ፕሮክሜይል «ደመወዝ» የሚለውን ቃል አያየውም። ሲቭ ፈትቶ ያነጻጽራል፤ ቃሉን በፊደላችን እንዳለ መጻፍ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ላኪው የጻፈውን ጽሑፍ ትእዛዝ መስመር ውስጥ አትሰኩት፣ በፓይፕ፣ ማለትም ለፕሮግራሙ እንደ ግብዓት፣ አሳልፉት። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የኤክሲም (የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም) የደህንነት ቀዳዳ የዚሁ ዘመድ ነው፦ ከ4.87 እስከ 4.91 ባሉት እትሞች፣ በተቀባዩ አድራሻ ውስጥ የተሸጎጠ ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሥልጣን ሊሠራ ይችል ነበር።

አሁን ናሙና ፋይሎቹን ስክሪኑ ላይ እከፍታለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ። አመሰግናለሁ።