ሲኒዋን ለካኋት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ስለ ፔሬድ ነው የማወራው፣ በተለይ ስለ ደሙ መጠን፤ ምሳ ላይ ከሆናችሁ ቆይታችሁ ስሙት። ወንዶችም ብትቆዩ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ስታገባ ሁላችንም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ እንድናሰፋ ተባለ። እኔ ብቻ ወይን ጠጅ አሰፋሁ። "ነጭ አያምርብኝም" አልኩ። ውሸቴን ነው። ቀን ቆጥሬ ሰርጉ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደሚውል አውቄ ነበር፤ ሁለተኛ ቀን ደግሞ እኔ ሁለት ሞዴስ ደርቤ፣ ከላይ ጥቁር ታይት ለብሼ፣ ታክሲ ውስጥ ሻርፔን አንጥፌ የምቀመጥ፣ ስወርድም ዞር ብዬ ወንበሩን የማይ ሰው ነኝ። ችግር ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ሴት መሆን እንዲህ ነው ብዬ ነበር።

ሐኪም ቤት የሄድኩትም ለፔሬድ አይደለም። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ልቤ ይመታል፣ በዛ ላይ በረዶ መቆርጠም ያምረኛል፤ እህቴ ፍሪጁን ባዶ ሳደርገው እያየች ትስቅብኝ ነበር። ለካ ሰውነት ውስጥ አይረን (ብረት) ሲያንስ በረዶም አፈርም ያምራል። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለት ደሜ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ 8.6 መጣ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ያለ ከፍታ ላይ ደግሞ መነሻው ከዛም ከፍ ይላል።

ዶክተሯ "በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?" አለችኝ።

"ሦስት።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሲሞላ ነው የምትቀይሪው፣ ወይስ ብር ሲኖርሽ?"

ሳቅኩ፣ ከዛ ዝም አልኩ። እውነቷን ነዋ። ሞዴስ ከተወደደ ወዲህ በመሀል ሶፍት እየደረብኩ ነበር። ሦስት ያልኩት ቁጥር የቦርሳዬን ነገር እንጂ የማህፀኔን አይናገርም።

በአንድ ፔሬድ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን፣ በአማካይ የሚወጣው ደም ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ከ80 ሲያልፍ በዛ ይባላል። ቤት ገብቼ የእማዬን የቡና ሲኒ በሲሪንጅ ውሃ ሞላኋት። 70 ያዘች። ግማሽ ሲኒ! የአምስት ቀኑ ሁሉ ተደምሮ ግማሽ ሲኒ። እርግጥ የምናየው ሁሉ ደም አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ የማህፀን ሽፋንና ሌላ ፈሳሽ ስለሆነ ለዓይን ይበዛል።

ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይለካል? ዶክተሯም ስለ ሚሊ ሊትር አልጠየቀችኝም። በየሰዓቱ ሞዴስ ይሞላል ወይ? ሌሊት ለመቀየር ትነሺያለሽ? የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክል የረጋ ደም ይወጣል? ከሰባት ስምንት ቀን ያልፋል? ደግሞ አንድ ያልጠበቅኩት፦ "በሱ ምክንያት የምትተዪው ነገር አለ?" ቀሚሱ ትዝ አለኝ።

የረጋ ደም ስላልኩ፣ ትንንሿ አታስደንግጣችሁ። ማህፀን ደሙ እንዳይረጋ የሚያቀጥንበት የራሱ መንገድ አለው፤ ፍሰቱ ሲፈጥን ግን አይደርስበትም፣ ያኔ እየጓጎለ ይወጣል።

በአልትራሳውንድ ማዮማ፣ ማለት የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚያድግ እብጠት፣ ተገኘ። ካንሰር አይደለም፤ ብዙ ሴት ሳታውቀው ይዛው ትኖራለች። የእኔ ወደ ማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ የገባ ስለሆነ ነው ያደማኝ። የሌላዋ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ፖሊፕ (ማህፀን ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ)፣ የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ለእርግዝና መከላከያ የሚገባ የመዳብ ሉፕ፣ ወይም ደሟ በተፈጥሮው ቶሎ አይረጋም። ለጊዜው በሚፈሰኝ ቀናት የምወስደው፣ ደሙን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ (ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ከጎረቤት ተቀብላችሁ እንዳትውጡ)፣ ከሱ ጋር አይረን።

አይረኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ግን ግድ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አይረን ይዞ ይወጣል፤ ሰውነታችን ከምግብ በቀን የሚያገኘው ደግሞ 1 ወይ 2 ሚሊ ግራም ነው። ቀይ ሥር በየቀኑ ስጨምቅ ነበር፣ ቀይ ስለሆነ ብቻ! ምስር ይሻላል፣ ጉበት ይሻላል። በጣም የከበደኝ ከምሳ በኋላ ያለችዋን ቡና ማዘግየት ነው። ሻይና ቡና አይረኑ እንዳይገባ ይይዙታል፣ እማዬ ደግሞ ማዕዱ ሳይነሳ ነው የምትቆላው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ በሰዓት አንድ ሞዴስ እየሞላ ሁለት ሦስት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይ ራስ ካዞራችሁ፣ ወይ እርግዝና ካለ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሂዱ። ፔሬድ ካቆመ ከዓመት በኋላ ደም ከታየ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ሐኪም ጋ ሂዱ።

በዛው ሳምንት ቡና እየጠጣን እማዬን ጠየቅኳት። እንዲህ አውርተን አናውቅም። ሲኒዋን ይዛ ትንሽ ቆየችና፣ ሁለት ፎጣ አጥፋ ደርባ ታስር እንደነበር፣ ሌሊት ተነስታ እንደምትቀይር፣ አክስቴም እንደዛው እንደነበረች ነገረችኝ። ከዛ ግራ ገብቷት አየችኝ።

"ሁሉም ሰው እንደዛ አይደል እንዴ?"